ለዝናቡም ያስከፍሉኛል
ዋሽንግተን ዲሲ ቤት የገዛ ሐበሻ ሁሉ ይቺን ያውቃታል። የውሃ ቢል ይመጣል። ለተጠቀምክበት ውሃ ሂሳብ አለ፤ እሺ፣ ደግ። ከሥሩ የፍሳሽ ሂሳብ አለ። እሱ ከውሃው ይበልጣል! ዝቅ ስትል ደግሞ በጣሪያህና በግቢህ ሲሚንቶ ስፋት ልክ የዝናብ ውሃ ክፍያ ይጠብቅሃል። አዎ፣ የዝናብ። እግዜር በነፃ ያዘነበው!

በሽቄ ገንዘቤ የት እንደሚገባ ማጣራት ጀመርኩ። ፖቶማክ ወንዝ ዳር ብሉ ፕሌይንስ የሚባል የፍሳሽ ማጣሪያ አለ። በቀን 1.4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይችላል። ውሃው ተጣርቶ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ዝቃጩ ታሽጎ ይብላላና ከጋዙ 10 ሜጋ ዋት ገደማ ኤሌክትሪክ ይወጣል። የተረፈው ደግሞ አፈር ሆኖ ለአትክልተኛ ይሸጣል። በከረጢት! አንደኛ አስከፍለው ይወስዱብሃል፣ ሁለተኛ መልሰው ይሸጡልሃል።

ዝናቡስ? የከተማው አንድ ሦስተኛ ገደማ ፍሳሽና ጎርፉ በአንድ ቱቦ ነው የሚሄዱት። ዶፍ ሲወርድ ቱቦው እየሞላ አናኮስቲያ ወንዝ ውስጥ ይገነፍል ነበር። ያንን የሚያጠራቅም ዋሻ ከመሬት በታች ቆፈሩ፤ የአናኮስቲያው መስመር የመጨረሻ ክፍል በ2023 ሥራ ጀመረ። በእኔና በመሰሎቼ ኪስ መሆኑ ነው።

አዲስ አበባ ክረምት ሲገባስ? ዶፍ ጠብቆ ሽንት ቤቱን ቦይ ውስጥ የሚለቅ አለ። «ዝናቡ ይወስደዋል» ይላል። የት ነው የሚወስደው? አቃቂ ነዋ! አቃቂ ዳር ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። የለቀቅነውን ገዝተን፣ ዘንጥለን፣ ከትፈን እንበላዋለን። መጣጭ መኪና ማስጠራት ውድ ነው፣ ይገባኛል። ቃሊቲ ማጣሪያ ቢኖርም መስመሩ ያልደረሰው ቤት ብዙ ነው።

የደረሰውስ ምን ተጠቀመ? እህቴ የምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ማንሆሉ ሞልቶ ደረጃው ሥር ይፈሳል። ሰው ድንጋይ ደርድሮ እየዘለለ ይገባል። ልጆቹ የትኛው ድንጋይ እንደሚነቃነቅ ሳይቀር ያውቃሉ። ስብሰባ ተጠራ፤ እኔም ሄጄ እዚያው ነበርኩ። አንደኛ ፎቅ «ዳይፐር የምትጥሉት እናንተ ናችሁ» ብሎ አራተኛን ወቀሰ። አራተኛ በሦስተኛ አላከከ። ሁለተኛ ፎቅ ጭራሽ አልመጣም። ይሄኔ አንድ አባት ወደ እኔ ዞረው «ከአሜሪካ የመጣ ልጅ ቁጭ ብሎ እኛን ምን ያጨቃጭቀናል?» አሉ። ተጨበጨበ።

የቧንቧ ሠራተኛውንም፣ የማንሆሉን ክዳንም፣ የመጣጩን መኪናም እኔው ቻልኩ። ደረሰኝ ብጠይቅ ደግሞ «ዲያስፖራ ሲባል ቆጥቋጣ ነው» ተባልኩ።