ከተጠራጠራችሁ ቀና በሉ

ከሁለት ሳምንት በፊት ሰፈራችን ካለው ፑል ቤት አንድ ልጅ ለማሸነፍ ጥቁሯ ኳስ ብቻ ቀርታው ተሸነፈ። ጥቁሯ ከማዕዘኑ ቀዳዳ ሁለት ስንዝር አትርቅም። በመምቻው ዘንግ፣ በስቲኩ የምትመታዋ ነጭ ኳስም ጥሩ ቦታ ላይ ቆማለች። ልጁ ጎንበስ ብሎ ስቲኩን ሁለቴ ወዘወዘ። ከዚያ ቀዳዳውን አየት አደረገ፣ እግሩን ሳያነሳ ትከሻውን ትንሽ ወደ ግራ አዞረና መታ። ጥቁሯ የቀዳዳውን ከንፈር ነክታ ተመለሰች። ተጋጣሚው ጨረሳት። ልጁ የጠረጴዛውን ሒሳብ ከፈለና «ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ» ብሎ ወጣ።

እጁ ምንም አልሆነም። ከዚያች በፊት በጣም የሚከብዱ ኳሶችን ሲያስገባ አይቼዋለሁ። የሆነው ሌላ ነው። ጎንበስ ካለ በኋላ ሐሳቡን ቀየረ፤ ሰውነቱ ግን በፊተኛው ሐሳብ ላይ እንደቆመ ነበር። ፑል ቤት ውስጥ በየቀኑ የምናያቸው አሳዛኝ ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይመጣሉ ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ ለምን ከባድ እንደሆነ በቁጥር ልንገራችሁ። የፑል ኳስ ስፋቷ 57 ሚሊሜትር ነው። በትልቁ የውድድር ጠረጴዛ የማዕዘን ቀዳዳው አፍ ከ11 ሴንቲሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሁለት ኳሶችን ጎን ለጎን ሊያስገባ ምንም አልቀረው። ሰፊ ይመስላል አይደል? አሁን ነጯን ልታስገቧት ከምትፈልጉት ኳስ 1 ሜትር አርቁ። ያቺን ኳስ ደግሞ ከቀዳዳው 1 ሜትር አርቁ። ሦስቱም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ናቸው። ነጯ ኳሷ ጋ ስትደርስ 2 ሚሊሜትር ወደ ጎን ከሸሸች ኳሷ የቀዳዳውን ጠርዝ ትመታለች። የሳንቲም ውፍረት ማለት ነው። ትከሻን በማዞር የሳንቲም ውፍረት ማስተካከል አይቻልም።

መስመሩ የሚታየው ቆመን ነው። ከነጯ ጀርባ ቀጥ ብለን ስንቆም ኳሷም ቀዳዳውም አንድ ላይ ይታዩናል። ጎንበስ ስንል ዓይናችን ከጨርቁ ጋር ሊስተካከል ምንም አይቀረውም፤ ያን ጊዜ ማዕዘን መገመት ከባድ ነው። ስለዚህ ማሰብ ያለብን ቆመን ነው፤ ጎንበስ ካልን በኋላ መምታት ብቻ።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ከጀርባ ቆሜ ስቲኩን ጠመኔ እቀባለሁ። ጠመኔው የስቲኩ ጫፍ እንዳያንሸራትት ይጠቅማል፤ ለእኔ ግን ዋናው ጥቅሙ ማሰቢያ ጊዜ መስጠቱ ነው። ኳሷ የት እንደምትመታ አያለሁ። ቀጥሎ ነጯ የት እንድትቆምልኝ እንደምፈልግ እወስናለሁ። ብዙ ሰው ይቺን ይዘላታል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ስቲኩን እየወዘወዘ «ለስለስ ላድርጋት ወይስ ልጠንክርባት?» እያለ ያስባል። እጅ ለሁለት ጌታ መታዘዝ አይችልም። ከወሰንኩ በኋላ ቀኝ እግሬን መስመሩ ላይ አሳርፌ በመስመሩ ላይ እወርዳለሁ። ሦስት ጊዜ እወዘውዛለሁ። እቆማለሁ። ዓይኔን የምትገባዋ ኳስ ላይ አሳርፌ እመታለሁ።

ለምን ሦስት? ቁጥሩ ምንም አይደለም፤ ሁለትም አራትም ይሆናል። ዋናው አለመለዋወጡ ነው። አምና ጓደኛዬ ስጫወት በስልኩ ቀርጾኝ ነበር። ቪዲዮውን ሳይ ደነገጥኩ። ቀላል ኳስ ላይ ሁለቴ ወዝውዤ እመታለሁ። ጥቁሯ ላይ ስደርስ ስምንት ጊዜ። ፍርሃቴ በቁጥር ታየኝ።

እናቴ እንጀራ ስትጋግር ምጣዱን በማሰሻ ሳትጠርግ ሊጥ አፍስሳ አታውቅም። የመጀመሪያውም ሆነ የመጨረሻው እንጀራ ላይ እጇ የሚሄደው አንድ ዓይነት ነው። ለእንግዳም ለቤትም ያው ነው። ፑል ላይ የምመኘው ይህንን ነው።

የዓይኑን ጉዳይ ሳይንስም ነክቶታል። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ጆአን ቪከርስ ከድርጊት በፊት ዓይን አንድ ቦታ ላይ የሚረጋበትን ጊዜ ለዓመታት አጥንታለች። በ2002 የታተመ ሌላ ጥናት ይህንኑ በቢሊያርድ ተጫዋቾች ላይ አየው። የጎበዞቹ ዓይን ከጀማሪዎቹ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይረጋል። በገቡ ኳሶች ላይ ደግሞ ከሳቱት ይበልጥ ይረጋል። ከመምታቴ በፊት የምቆመው ለዚህ ነው።

«በፍጥነቱ የሚታወቀው የስኑከር ተጫዋች ሮኒ ኦሱሊቫንስ?» የሚሉኝ አሉ። ስኑከር የፑል ዘመድ የሆነ ጨዋታ ነው። ልክ ነው፣ በ1997 በሼፊልድ የስኑከር ዓለም ሻምፒዮና 147 ነጥብ የሰበሰበው በ5 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ነው። 36 ኳስ፣ በአማካይ ለአንዷ ከ9 ሰከንድ በታች። ግን ቪዲዮውን ደግማችሁ እዩት። ገና እየተራመደ ወስኖ ጨርሷል። ከወረደ በኋላ ሲያመነታ አታዩትም። ቋሚ ልማድ ማለት መንቀርፈፍ ማለት አይደለም።

የፑል ቤት ጫጫታ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። አንዱ ከጎን «በግራ ቁረጣት» ይላል፤ ሌላው «ባንክ አድርጋት»፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ አንጥረህ አስገባት ማለቱ ነው። ተራ የሚጠብቁት ደግሞ ቶሎ እንድትጨርስ ይፈልጋሉ። በ2022 በዘጠኝ ኳስ የሚጫወቱት የፑል ዓይነት፣ የናይን ቦል ዓለም ሻምፒዮን የሆነው አሜሪካዊው ሼን ቫን ቦኒንግ ከልጅነቱ የመስማት ችግር አለበት፤ ሲጫወት የመስሚያ መሣሪያውን ያጠፋል። እኛ የምናጠፋው ነገር የለንም። ቅደም ተከተላችንን ከያዝን ግን ጆሯችን የሚሰማውን እጃችን አይታዘዝም።

ከሁሉም የሚከብደው ቀና ማለት ነው። ጎንበስ ብላችሁ አንድ ነገር ካልጣማችሁ ተነሡ፤ ከመጀመሪያው ጀምሩ። ለማለት ቀላል ነው። ፑል ቤት ውስጥ ግን የተነሣ ሰው የፈራ ይመስላል። ሰውነታችንም አንዴ ከወረደ መምታት ይፈልጋል። ትከሻውን ያዞረውም ልጅ መነሣት ነበረበት፤ አፍሮ ይመስለኛል የቀረው።

ሰሞኑን አግኝቼው ይህንኑ ነገርኩት። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ሲጫወት አየሁት። ጥቁሯ ላይ ደረሰ፣ ወረደ፣ ወዘወዘ፣ ከዚያ ቀና አለ። «ፈራህ እንዴ?» አለው አንዱ። አልመለሰለትም። ጠመኔውን አንሥቶ ከነጯ ጀርባ ሄዶ ቆመ።