እርማት፦ የደም ግፊት ወረደ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

እህቴ፣ «የእማዬ ግፊት 120/80 ስለገባ ኪኒኑን አስቁመናታል፤ ራሷን ሲያማት ትወስዳለች» ያልሽውን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ግን ስህተት ነው። ቁጥሩን ያወረደው መድኃኒቱ ነው፤ ሲቋረጥ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይወጣል። ራስ ምታት መጠበቅም አያዋጣም። የደም ግፊት ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያሳምም ነው።

«ሐኪሙ ይቆጣል» ብላችሁም ኪኒኑ መቋረጡን አትደብቁ። ጥሩ የቤተሰብ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እማዬን ምን እንዳስቸገራቸው ነው። እግራቸው አብጦ ይሆን? አምሎዲፒን የተባለው የግፊት ኪኒን እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። ደረቅ ሳል ከሆነ ያመጣው ኢናላፕሪል የተባለው ሌላ የግፊት ኪኒን ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ይቀየራሉ። ዋጋው ከከበዳቸው ይናገሩ፤ ረከስ ያለ አማራጭ ይፈለጋል። ጾም ላይ ከሆኑ የሚውጡበት ሰዓት ከእሳቸው ጋር ተመክሮ ይስተካከላል።

አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ሐኪሙ ፊት አንቺ አትመልሺላቸው። እኛ ልጆች ይህን እናበዛለን። በየቀኑ ኪኒኑን የሚውጡት እሳቸው ናቸው፤ ራሳቸው ይናገሩ።

ዛሬ ነገ ሳትሉ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸውና ይለኩ። የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ፣ ባዶውን ማሸጊያ ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ።