ፒካፕ አለኝ በሰማይ

መኪናዋ ገና እጄ አልገባችም። እኛ ቤት ግን ተጣልተንባት፣ ሽማግሌ ተቀምጦብን፣ ታርቀናል።

ነገሩን ያመጣው ስሌት የሚባል አዲስ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በኤፕሪል 2025 አንዲት የኤሌክትሪክ ፒካፕ ለሕዝብ አሳየ። ትንሽዬ ናት። የምትይዘው ሁለት ሰው ነው። ቀለም አልተቀባችም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ነው የሚወጡት። ቴፕ የላትም። ያ ሁሉ መኪና ላይ የሚለጠፈው ትልቅ ስክሪንም የላትም። መስታወቷ የሚወርደው በእጅ እየተዘወረ ነው። ገንዘብ ካፈሰሱባት ሰዎች አንዱ ደግሞ የአማዞኑ ጄፍ ቤዞስ ነው። ጠፈር ደርሶ የተመለሰ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ መስታወት የሚዘወርባት መኪና አሠራ ማለት ነው።

ፈረንጆቹ ጉድ አሉ። እንዴት ያለ አዲስ ሐሳብ ነው ተባለ። እኛ ግን ይህቺን መኪና እናውቃታለን። መርካቶ ሽንኩርት ስታራግፍ አይተናታል። መዘወሪያው ወልቆ፣ ሾፌሩ መስታወቱን በፒንሳ ሲያወርድ ጋቢና ተቀምጠን ጠብቀናል። ያኔ ድህነት ነበር የሚባለው። አሁን ዲዛይን ሆኗል።

እኔ ልቤ የሸፈተው በዋጋዋ ነው። መጀመሪያ ስትወራ የመንግሥት የታክስ ቅናሽ ታስቦ ከ20 ሺህ ዶላር በታች ነበረች። ቅናሹ 7,500 ዶላር ነበር። በጁላይ 2025 አዲስ ሕግ ወጣና ቅናሹ ሴፕቴምበር 30 ላይ ግብዓተ መሬቱ ተፈጸመ። ከዚያ ወዲህ ኩባንያው ዋጋዋን ሲጠየቅ «ሃያዎቹ አጋማሽ» ማለት ጀመረ። ሚስት ፍለጋ ላይ ያለ ሐበሻ ዕድሜውን ሲጠየቅ የሚመልሰው ዓይነት መልስ ነው።

ቀብዱ 50 ዶላር ነው። ያውም ሐሳብህን ከቀየርክ ይመለስልሃል። የሚመለስ ቀብድ! ዲሲ ውስጥ ለሁለት ሰው ክትፎ አዝዞ በ50 ዶላር የወጣ ካለ ይንገረኝ፤ ክትፎው ደግሞ አይመለስም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ቀብድ አስያዘ። እኔም አሰብኩበት። ማሰቤን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። አንድ ሰው ማለት እዚህ እኛ ጋ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ይጨምራል።

መጀመሪያ የደወሉልኝ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት ናቸው።

«ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ!»

«እማማ፣ ገና አልገዛሁም እኮ።»

«ይሁን፣ እግዜር ያስፈጽምህ። ለመሆኑ ፍሪጅ ትይዛለች?»

«ትይዛለች። 1,400 ፓውንድ ገደማ ትጭናለች ነው የሚሉት።»

«በኩንታል ንገረኝ።»

«ስድስት ኩንታል ፈቀቅ ትላለች።»

«ጎሽ! እንግዲያው ቅዳሜ የልጄን ፍሪጅ ከአሌክሳንድሪያ ታመጣልኛለህ።»

«እማማ፣ መኪናዋ ገና አልመጣችም! ለሰው መስጠት እንጀምራለን የሚሉት 2026 መጨረሻ ላይ ነው።»

«እኔስ መች ቸኮልኩ? ቅዳሜ ካልሆነልህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ።»

ከሳቸው በኋላ ቤት ሊቀይር የተነሳ አንድ ወጣት ደወለ። ችግሩን ነገርኩት። «ምንም አይደል፣ የቤት ኪራይ ውሌን አራዝማለሁ» አለኝ። የደመራ ኮሚቴው እንጨት የሚጭን ተገኘ ብሎ በቃለ ጉባዔ አሰፈረኝ። የዕድራችን ሊቀ መንበር ደግሞ ስለ ድንኳንና ወንበር በዝርዝር አነጋገሩኝ። ሲጨርሱ ዝም ብለው ቆዩና «ለአስክሬን ግን አትሆንም፤ አጭር ናት» አሉ። ካሶኒዋ አምስት ጫማ ገደማ ነው። አጥንተው ነው የደወሉት።

ሐበሻ አሜሪካ ውስጥ ፒካፕ የማይገዛው በዋጋው ይመስላችኋል? አይደለም። ፒካፕ ያለው ሰው ቅዳሜ የለውም። ለሰርግ ወንበር ይጭናል፣ ለክርስትና በርሜል ይጭናል፣ ለፋሲካ በግ ፍለጋ እርሻ ለእርሻ ይዞራል። ነዳጁን የሚሞላለት የለም፤ «ተባረክ» ይሉታል። አሁን ደግሞ በኤሌክትሪክ ስትሆን ይባስ። ነዳጅ አትጠጣም ስለተባለ ምርቃቱ ራሱ ይቀንሳል።

ቀጥሎ የመጣው ባለሙያው ነው። የትም ሰፈር ሐበሻ መኪና ሲገዛ የሚጠራ አንድ ኡበር የሚነዳ ወዳጅ አለ። የኛው ሰው ቡናውን አዝዞ፣ ስልኩ ላይ ያለውን ካልኩሌተር ከፈተ።

«ስንት ሰው ትይዛለች አልከኝ?»

«ሁለት።»

«አንዱ አንተ ነህ። ስለዚህ አንድ። ይህቺ መኪና ናት ወይስ ሞተር ሳይክል?»

ፋብሪካዋ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ኢንዲያና ውስጥ ዋርሶ የምትባል ከተማ እንደሆነና ሕንፃው ድሮ ማተሚያ ቤት እንደነበረ ነገርኩት። «ገባኝ፤ ለዚህ ነው እስካሁን ወረቀት ብቻ የሚያወጡት» አለ።

ከዚያ ወደ ባትሪው ገባ። ትንሹ ባትሪ 150 ማይል ይወስዳል፣ ትልቁ 240 ማይል ይወስዳል ነው የሚሉት። ወዳጄ አንገቱን ነቀነቀ።

«ኒው ዮርክ ዘመድ አለህ?»

«አለኝ።»

«ከዲሲ 225 ማይል ገደማ ነው። በትንሹ ባትሪ ፊላደልፊያ ስትደርስ ታበቃለች። በትልቁ ትደርሳለህ። ግን ለቅሶው ክረምት ላይ ከሆነ ብርዱ ባትሪውን ይበላዋል። ኒው ጀርሲ መንገድ ዳር ቆመህ ነው የምታለቅሰው።»

ፈጣን ቻርጀር ካገኘሁ ከ20 ወደ 80 ፐርሰንት ለመሙላት ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም አልኩት። አቦል ጠጥተን ቶና ሳይቀርብ ማለት ነው። እሱ ግን ያሳሰበው ቤቴ ነው። የምኖረው አፓርታማ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። «ገመዱን በመስኮት ልትለቅላት ነው?» አለኝ። ደግሞም በተራ የግድግዳ ሶኬት ሌሊቱን ሙሉ ተሰክታ ብታድር የምታገኘው አርባ ማይል ገደማ ነው። አርባ ማይል እኛ ጋ የአንድ ቅዳሜ የሰው ጉዳይ አይሸፍንም። እሱ ራሱ ምን እንደሚነዳ ልንገራችሁ? ካምሪ። ከካምሪ ውጪ ያለውን መኪና ሁሉ እንደ ኑፋቄ ነው የሚያየው።

አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ አልገባውም። «ሃይሉክስ ገዝተህ አታርፍም?» አለኝ።

እዚህ አገር አዲስ ሃይሉክስ እንደማይሸጥ ስነግረው ሳቀብኝ። ምክንያቱን ስነግረው ደግሞ ስልኩን ሊዘጋብኝ ነበር። ምክንያቱ ዶሮ ነው። በስድሳዎቹ መጀመሪያ አውሮፓውያን ርካሽ የአሜሪካ ዶሮ አጥለቀለቀን ብለው ቀረጥ ጫኑ። አሜሪካም ተናደደች። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በብቀላ ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪናዎች ላይ 25 ፐርሰንት ቀረጥ ጣሉ፤ ከ1964 ጀምሮ ተሠራበት። የያኔዎቹ ዶሮዎች ተበልተው አለቁ፤ ቀረጡ ግን አለ። እኔ ዛሬ ሜሪላንድ ተቀምጬ ትንሽ ፒካፕ አጥቼ የምንከራተተው ስልሳ ዓመት ባለፈው የዶሮ ጠብ ነው። የቻይናዎቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ቢሆኑ በ2024 መቶ ፐርሰንት ቀረጥ ተጭኖባቸዋል።

«የቻይና ነው ያልከው?» አለኝ የአክስቴ ልጅ። «እኛ ጋ መንገዱን የሞላው እሱ አይደል እንዴ!» እውነቱን ነው። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለች። አዲስ አበባ ላይ አሁን ቢዋይዲውም ቮልስዋገኑም ድምፅ ሳያሰማ ነው አጠገብህ የሚደርሰው። «እናንተ አሜሪካ ሆናችሁ ኤሌክትሪክ ልግዛ አልግዛ ብላችሁ ገና ትወስናላችሁ። እኛ ተወስኖልን አርፈናል» አለኝ።

በዚህ ልረታማ አልችልም። «መብራትስ አለ?» አልኩት።

«ግድቡ ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት!»

«እሱን ሰምቻለሁ። አሁን ቤትህ መብራት አለ ወይ?»

«አሁንማ ጠፍቷል። ይመጣል። ያንተዋ መኪና መቼ ነው የምትመጣው?»

ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

እሱ ባይልም ይመጣሉ ከተባሉት ፒካፖች ስንቱ እንደመጣ አላጣሁትም። ቴስላ በ2019 ሳይበርትራክን ሲያሳይ የማይሰበር ነው የተባለው መስታወት በብረት ኳስ ተመትቶ እዚያው መድረክ ላይ ተሰነጣጠቀ። ዋጋው ከ39,900 ዶላር ይጀምራል ነበር የተባለው። በ2023 መጨረሻ ሲመጣ ዝቅተኛው ዋጋ 60,990 ሆኖ ተጻፈ። ሎርድስታውን ሞተርስ የሚባለው በዚያው በ2023 ከሰረ። ፎርድ በ2021 ኤፍ-150 ላይትኒንግን ከ40 ሺህ በታች ብሎ ያስተዋወቀ ጊዜ አገር ተንቀጥቅጦ ነበር፤ ዲሴምበር 2025 ላይ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ማምረት አቆምኩ አለ። ያው ፎርድ ግን በ2027 ደግሞ በ30 ሺህ ዶላር ገደማ ሌላ አመጣላችኋለሁ ብሏል። ፒካፕ የሚጠብቅ ሰው ታጋሽ ነው። እኔ የምቀናው ኩባንያዎቹ ላይ ነው። እኔ ባለቤቴን «የሚቀጥለው ዓመት» ስላት እንዲህ አታምነኝም።

ባለቤቴን ካነሳሁ ጠቡን ልጨርስላችሁ። መጀመሪያ ሬዲዮ የላትም ስላት ደስ አላት። «ጥሩ፤ መንገድ ላይ እናወራለን» አለች። እኔ እዚህ ላይ ማመንታት ነበረብኝ፤ አላመነታሁም። ሁለት ሰው ነው የምትይዘው ስላት ግን ፊቷ ተለወጠ። እናቷ ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው።

«እማዬ የት ልትቀመጥ ነው?»

«አምስት ሰው እንድትይዝ የሚያደርግ ዕቃ አለ። ለብቻው ይገዛል። ኋላዋ ላይ ይገጠማል።»

«መቼ ነው የምትገዛው?»

«እናትሽ ወደ አገራቸው ሲመለሱ።»

ዕቃው ዋጋው እስኪረክስ ለማለት ነበር። ሽማግሌዎቹም እንደዚያ ተረድተውልኛል። ግን ሊያስታርቁን መጥተው ገና ሳይቀመጡ «ስንት ኪሎ ነው የምትጭነው?» ብለው ስለጠየቁ ገለልተኝነታቸውን እጠራጠራለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ያችን 50 ዶላር አልከፈልኩም ነበር። ይህን ስናገር ቤቱ ጸጥ አለ። አንደኛው ሽማግሌ ኪሳቸው ገቡና አሥር ዶላር አወጡ። የዕድሩ ሊቀ መንበር አሥር ጨመሩ። የደመራ ኮሚቴው፣ ኪራዩን ያራዘመው ልጅና እማማም አዋጡ። ኡበር የሚነዳው ወዳጄ አላዋጣም፤ ድምፅ ግን ይሰጣል። ቀብዱ እዚያው በእኔ ስም ተከፈለ። አሥር ዶላር ያወጣ ሁሉ ባለ መኪና ሆነ፤ ወርኃዊ ክፍያው፣ ኢንሹራንሱና ቻርጁ ብቻ የእኔ ነው።

ወዲያው ኮሚቴ ተዋቀረ። የመጀመሪያው አጀንዳ ቀለም ነው። መኪናዋ ግራጫ ሆና ስለምትመጣ ላይዋ ላይ የፈለጉትን ቀለም ማልበስ ይቻላል፤ ኩባንያው ራሱ የሚያሻሽጠው በዚህ ነው። አንዱ ተነስቶ በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ እናልብሳት አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ሌላው ተነስቶ «ኮከብ ያለው ነው የሌለው?» ብሎ ጠየቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የዲሲ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ቡናው ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። ሦስት ወገን ተፈጠረ፤ ሦስተኛው አንበሳ ያለበት ይሁን የሚል ነው። ደክሞኝ «በቃ ግራጫ ሆና ትቅር» አልኩ። ኪራዩን ያራዘመው ልጅ ብድግ ብሎ ጃኬቱን ለበሰ። «ገለልተኛ ነኝ የሚል ሁሉ የማን እንደሆነ እናውቃለን» አለና ስብሰባውን ረግጦ ወጣ። አሥር ዶላሩን ደግሞ በዜል መልስልኝ ብሏል።