ተደራድሮ የመጣን ሰው ከሃዲ አትበሉት

«ሰላም ይውረድ» ትላላችሁ። ሰላሙን ለማውረድ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሊቀመጡ መሆኑ በተሰማ ማግስት ደግሞ «ሸጡን» የምትሉት እናንተው ናችሁ። ወገኖቼ፣ ይህን ነገር ሳንሸፋፍን እንነጋገርበት። ለአገራችን ጥፋት የመንግሥትም የታጣቂውም ተጠያቂነት ትልቅ ነው፤ ማንም አይክደውም። የእኛ የሕዝቡ ድርሻ ግን ሁልጊዜ እየታለፈ ነው። ተደራዳሪው ከባላንጣው ጥይት ይልቅ የገዛ ወገኑን ምላስ እንዲፈራ ያደረግነው እኛ ነን። ምላስ የሚፈራ ተደራዳሪ ደግሞ ሳይስማማ መመለስን ይመርጣል፤ ሳይስማማ የተመለሰ «ጀግና» ይባላልና።

የዚህ ሁሉ መነሻ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገን መያዛችን ነው። ድርድር አለ፣ ምክክር አለ፣ እርቅ አለ። ድርድር ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ጉዳይ ነው። ተቀማጮቹ ጥቂት፣ አጀንዳውም ጠባብ ነው፤ ተኩሱ በስንት ሰዓት ይቆማል፣ ጦሩ የት ይሰፍራል፣ እስረኛ እንዴት ይለቀቃል፣ መንገዱና ባንኩ መቼ ይከፈታል። ምክክር የሁላችን ነው። ገበሬው፣ አርብቶ አደሩ፣ ነጋዴው፣ መምህሩ፣ ተፈናቃዩ ተቀምጠው ስለ ሕገ መንግሥቱ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ወሰን፣ ስለ ሰንደቅ ዓላማ የሚነጋገሩበት ነው፤ ዓመታት ቢወስድም አያስደንቅም። እርቅ ግን የበዳይና የተበዳይ ነው። እውነት ይወጣበታል፣ ካሳ ይቆረጥበታል፣ ይቅርታ የሚጠየቀውም ይቅር የሚለውም በስሙ ይታወቃል። ድርድርን በሺህ ሰው ጉባኤ፣ እርቅን በፖለቲከኞች መጨባበጥ እንፈጽማለን ስንል ሁለቱም ይበላሻሉ፤ ምክክሩም ተዓማኒነቱን ያጣል።

አባቶቻችን ይህን ለይተው ያውቁ ነበር። በመንደር ሰው ሲገደል ሽማግሌ መጥቶ «ታረቁ» ብሎ አይጀምርም። መጀመሪያ ገዳዩና የቅርብ ዘመዶቹ ከሟች ቤተሰብ ዓይን ዘወር እንዲሉ ያደርጋል፤ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ላይ እንዳይገናኙ ነው። ከዚያ ሁለቱም ወገን የሚያምናቸውን ሽማግሌዎች ያስቀምጣል። ነገሩ ከመሰማቱ በፊት ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ «ከተፈረደው ቢወጣ እኔን ጠይቁኝ» ብሎ የቆመ፣ ንብረትም ስምም ያለው ሰው ነው። ነገሩ የሚሰማው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ካሳው ይቆረጣል፣ መሃላ ይፈጸማል፣ ከአንድ ማዕድ መብላቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። የኦሮሞ ጉማ፣ የሲዳማ አፊኒ፣ የወሎ አበጋር በስምም በሥርዓትም ይለያያሉ፤ እውነቱ ሳይወጣ ወደ ማዕዱ አለመሮጥ ግን የሁሉም ጠባይ ነው።

በአገር ደረጃ ግን ከማዕዱ እንጀምራለን። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1102 የእርቀ ሰላም ኮሚሽን ሲቋቋም 41 የተከበሩ ሰዎች ተሰየሙበት። የሰዎቹ ጨዋነት አላነሰም፤ የጎደለው ከእርቅ በፊት የሚቀድመው ነበር። የታጠቁት ወገኖች ተኩስ ላለመክፈት አልተዋዋሉም፣ ዋስ የሆነም አልነበረም። በጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ሲፈነዳ ኮሚሽኑ በመካከል ገብቶ የሚያስቆምበት ሥልጣንም መሣሪያም አልነበረውም። ቀጥሎ በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን መጣ፤ 11 ኮሚሽነሮችና የሦስት ዓመት ጊዜ ተሰጠው፣ በየካቲት 2017 አንድ ዓመት ተጨመረለት። አጀንዳ ከየወረዳው ማሰባሰቡ ጠቃሚ ሥራ ነው። ነገር ግን ጦርነት ባለበት ወረዳ ሰው በነፃነት ተሰብስቦ አጀንዳ አይሰጥም፤ አዳራሽ ውስጥ የተናገረውን ማታ ማን እንደሚጠይቀው አያውቅምና። ምክክሩ ድርድሩን ሊተካ አይችልም። ድርድሩ ባዶ ትቶት የሄደውን ወንበር ምክክሩ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ሊሞሉት አይችሉም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር ቢመስላችሁ ቀይ ባሕርን ተሻግራችሁ የመንን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከማርች 2013 እስከ ጃንዋሪ 2014 ድረስ 565 ተወካዮች በዘጠኝ የሥራ ቡድን ተከፍለው በዋና ከተማዋ ሰንዓ ለአገራዊ ምክክር ተቀመጡ። ከወንበሩ 30 በመቶው ለሴቶች፣ 20 በመቶው ለወጣቶች እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ በወረቀት ላይ ከዚያ የተሻለ ጉባኤ ማግኘት ይከብዳል። ሁቲዎች የተባሉት የሰሜኑ ታጣቂዎች አዳራሹ ውስጥ ተወካይ ነበራቸው፤ በሰሜን ደግሞ በዚያው ወራት ይዋጉ ነበር። እጅግ አስቸጋሪው ጥያቄ፣ አገሪቱ በስንት ክልል ትከፈል የሚለው፣ በጉባኤው ሳያልቅ ቀርቶ ፕሬዚዳንቱ ለሰየሙት አነስተኛ ኮሚቴ ተላለፈ። ኮሚቴው በፌብሩዋሪ 2014 ስድስት ክልል ብሎ ወሰነ፤ ሁቲዎች አንቀበልም አሉ። በሴፕቴምበር ሰንዓን ያዙ። የተኩስ ማቆሙን ሳይጨርስ ወደ ምክክር የገባ፣ ከባዱንም ጥያቄ ለጥቂት ሰው የተወ ጉባኤ መጨረሻው ይህ ነው።

ደቡብ አፍሪካን የሚጠቅስ ሁሉ የእውነት አፈላላጊውን ኮሚሽን ያነሳል። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። የነጮቹ መሪ ደ ክላርክ ከወገኖቹ «ከዳን» የሚል ጩኸት ሲበዛባቸው እ.ኤ.አ. በማርች 17 ቀን 1992 ነጮችን ብቻ ድምፅ አሰጡ፤ ድርድሩ ይቀጥል ወይስ ይቁም? 68.7 በመቶው ይቀጥል አለ። ከዚያ በኋላ ከወገናቸው ማንም «ያለ እኛ ፈቃድ» ሊላቸው አልቻለም። ይህን ልብ በሉ፤ ተደራዳሪ ጉልበት የሚያገኘው ከወገኑ ፈቃድ ነው። ድርድሩ ግን በዚህም አልቀለለም። በሜይ ወር ሕገ መንግሥቱ በ70 በመቶ ድምፅ ይጽደቅ ወይስ በ75 በሚል ክርክር ተሰናከለ። አምስት መቶኛ ነጥብ ናት! የውሳኔ ደንቡን አስቀድመው ስላልጨረሱት መጨረሻ ላይ ማነቆ ሆነ። በጁን ቦይፓቶንግ በምትባል ሠፈር ከ40 በላይ ሰው ተገደለና የማንዴላ ድርጅት ከጠረጴዛው ተነሣ። የሁለቱ ወገን ዋና ተደራዳሪዎች ሲሪል ራማፎሳና ሮልፍ ማየር ግን ስልካቸውን አልዘጉም፤ በሴፕቴምበር 26 የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። በአፕሪል 1993 ከማንዴላ ወገን ታዋቂ መሪ የነበረው ክሪስ ሃኒ በቤቱ ደጃፍ ሲገደል አገሪቱ ልትነድ ነበር። ተደራዳሪዎቹ ያን ጊዜ የምርጫውን ቀን ቆረጡ፤ አፕሪል 27 ቀን 1994። ደም ሲፈስ ቀኑን አቀረቡት እንጂ አላራቁትም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የትግራይን ጦርነት ለማስቆም የፕሪቶሪያ ስምምነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ሲፈረም ተኩሱ ቆሟል፤ በሕይወት የተረፉት ይመስክሩ። በአሥር ቀን ውስጥ አዛዦቹ ራሳቸው ናይሮቢ ተገናኝተው አፈጻጸሙን መፈረማቸው ትክክለኛ አሠራር ነበር፤ ፖለቲከኛ የፈረመውን የጦር አዛዥ ካልፈረመው ግንባር ላይ አይደርስም። የተበላሸው የጊዜ ሰሌዳው ነው። በ30 ቀን ያልቃል የተባለው ትጥቅ ማስፈታት ዓመታት አልፈውም አልተቋጨም። የማይቻል ቀን መጻፍ ለሁለቱም ወገን «አፈረሰ» የሚል የተዘጋጀ ክስ ማስቀመጥ ነው። የይገባኛል ጥያቄ የሚነሣባቸው አካባቢዎች ደግሞ «በሕገ መንግሥቱ መሠረት» በሚል አንድ ሐረግ ታለፉ፤ ሐረጉን እያንዳንዱ እንደሚፈልገው አነበበው፣ ተፈናቃዩ ግን በድንኳን ቀረ።

የቃል ነገር እንዲህ ቀላል አይደለም። በሐምሌ 1999 በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የሚመሩት ሽማግሌዎች ደክመው 38 የተቃዋሚ መሪዎች በይቅርታ ከእስር ወጡ። ሰው ከወህኒ ማውጣት ታላቅ ሥራ ነው። የይቅርታው ደብዳቤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ሁለቱ ወገኖች አንድ ቃል አልነበራቸውም። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ስለ ይቅርታው በተናገሩት ምክንያት በታኅሣሥ 2001 ተመልሰው ታሰሩ፤ የተፈቱት በመስከረም 2003 ነው። ስምምነት ሲጻፍ ስለ ስምምነቱ በአደባባይ ምን እንደሚባልም አብሮ መጻፍ አለበት። ከዚያ በፊት፣ ደርግ በወደቀ ማግስት በተጠራው የሰኔ 1983 ጉባኤ፣ 87 ወንበር ያለው ምክር ቤት ሲመሠረት ኢሕአፓና መኢሶን በር ላይ ቀሩ፤ ገብቶ የነበረው ኦነግም በዓመቱ ወጣ። ያልተጋበዘ ሰው ስምምነቱን የማክበር ግዴታ አይሰማውም፤ ገብቶ የወጣው ደግሞ ጉዳዩን ወደ ጫካ ይዞት ይሄዳል።

እንግዲህ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ድርድር ሊደረግ ነው የሚል ዜና ስትሰሙ «ማን አሸነፈ» ብላችሁ አትጀምሩ። ማን አልተጠራም? አጀንዳው ምንድን ነው? ውሳኔ በምን ያህል ድምፅ ያልፋል? ከቃሉ የወጣውን ማን ይጠይቀዋል፣ ዋሱ ማነው? እነዚህን ጠይቁ፤ በእድራችሁ፣ በማኅበራችሁ፣ ከመረጣችሁት ተወካይ ዘንድ ጠይቁ። እያንዳንዱ ስብሰባ በቀጥታ ይተላለፍልን የሚለውን ግን ተዉት። ካሜራ ፊት የተቀመጠ ሰው የሚናገረው ለተቀመጠው ባላንጣው ሳይሆን ለደጋፊው ነው፤ ደጋፊው ፊት ደግሞ ማንም አንዲት ስንዝር አይለቅም። ንግግሩ በዝግ ይሁን፤ የተፈረመው ግን ነጥቡም ኮማውም ሳይቀር በየቋንቋው ይውጣ።

የተበደለ ዝም ይበል እያልኩ አይደለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በደል ይመዝገብ፤ ቀኑ፣ ቀበሌው፣ የሟቹ ስም፣ ያየው ሰው፣ ትእዛዝ የሰጠው ኃይል ተለይቶ ይጻፍ። ሁለት ቅጂ አድርጉት፣ አንዱን ከአካባቢው ውጭ አስቀምጡ፣ የምስክሩን ስምና ፊት አደባባይ አታውጡ። አድራጊውን በሠራው ሥራ ጥሩት፤ በተወለደበት ብሔር ስትጠሩት ግን ፍርድ ቤት የሚቀርብ አንድ ሰው መሆኑ ይቀርና ሚሊዮኖች ከኋላው ይሰለፉለታል። ወንጀለኛ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በሪያድ፣ በለንደን ያላችሁ፣ ለእናንተ ንግግሬ ጠንከር ይላል። ያልተነካ ግልግል ያውቃል ይባል ነበር፤ ዛሬ ያልተነካው ጦርነት ማወቁ በዝቷል። በምትልኩት ገንዘብ የሚገዛው ጥይት የሚያርፈው እናንተ ቤት አይደለም። ለተፈናቃይ የምትልኩ ከሆነ ደረሰኝ ጠይቁ፣ የትኛው መጠለያ ደረሰ በሉ። በቀጥታ ስርጭት ተቀምጣችሁ «አንድም ሰው እንዳይደራደር» የምትሉ ደግሞ ቤተሰቡ እዚያው ቀበሌ ያለ ሰው ይህንኑ ይላል ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

በመስከረም 2011 የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉበት የቡራዩ ግድያ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ የተቆጡ ወጣቶች ወጥተው ነበር። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩባቸው። በዚያ ሥርዓት የሽማግሌን ሣር ተራምዶ ማለፍ አይቻልም፤ ወጣቶቹ ተመለሱ። ሣሩ የሠራው ወጣቶቹ አስቀድመው ያከበሩት ስለሆነ ነው። ሽማግሌን በየፌስቡኩ ስናዋርድ፣ «የእገሌ ካድሬ» ስንል ቆይተን በጭንቅ ቀን ሣር ይዞ ይውጣልን ብንል ማን ይሰማዋል? አንድ ሽማግሌ አድልቷል ካላችሁ ሌላ አስቀምጡ፤ ሽምግልናን ራሱን አታፍርሱ።

አንድ ነገር ላክል። መንግሥትና የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት በሚያዝያ 2015 ዛንዚባር፣ በኅዳር 2016 ዳሬሰላም ተቀምጠው ነበር። ሁለቱም ዙሮች ያለ ስምምነት አበቁ፤ አንዱ ሌላውን ወቀሰ፤ ከሁለተኛው በኋላ የሚቀጥለው ቀን አልተነገረንም። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ አማራ ክልል የሚካሄደው ውጊያም እንዲሁ ቀን ያጣ ነው። የመንደር ሽማግሌ ነገሩ ባያልቅለት እንኳ ቀጠሮ ሳይቆርጥ ከዋርካው ሥር አይነሣም፤ «በሳምንቱ፣ ከገበያ መልስ» ይላል። በሁለቱ ቀጠሮዎች መካከል ያለው ጊዜ የተኩስ ማቆሚያ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ድርድር ፈረሰ ሲባል «ማን አፈረሰው» በሚለው ክርክር አትጠመዱ። በየስብሰባው፣ በየደብዳቤው፣ መንግሥትንም ታጣቂውንም አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ቀጠሮው ለመቼ ነው?