«ለሁሉም ይሆናል» አለኝ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ፣ ሰልፉ ታጥፎ ጥግ ደርሷል፣ ጡቴ አግቷል፣ ልጅቷ ቤት ትጠብቀኛለች። ግን አሁን ካልተነፈስኩት ይዤው ልገባ ነው፣ ደግሞ ባሌ ላይ ይወጣል።

ያ የመጀመሪያው የጡት ወተት ማለቢያ ፓምፕ ያደረገኝን ልንገራችሁ። ጡት መያዣ ውስጥ የሚገባው፣ ገመድ የሌለው፣ «እያለብሽ ስራሽን ትሰሪያለሽ» ተብሎ የተሸጠልኝ። ባለፈው ሳምንት ፋይል ላነሳ ጎንበስ ስል 90 ሚሊ ሊትር ወተት ከሸሚዜ እስከ ጉርዴ ወረደ። 90 ሚሊ! በአጥሚትና በአብሽ፣ በሌሊት እንቅልፍ ማጣት የመጣ ወተት። ምንጣፉ ጠጣው። ቆሜ አለቀስኩ፣ አላፍርም።

ስለዚህ ዛሬ ምሳዬን ትቼ ሌላ ልገዛ ወጣሁ። ዝም ብዬም አልወጣሁም። ማታ ማታ ልጅቷን እያጠባሁ ስንቱን አነበብኩ። ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጽፉት ጉልበቱን ነው፣ ስንት ደረጃ እንዳለው ነው። ዋናው ግን ፍላንጁ ነው፤ ያ ጡት ላይ የሚቀመጠው፣ መሃሉ ላይ የጡት ጫፍ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው። ቀዳዳው በሚሊ ሜትር ይለካል። ከጡትሽ ጫፍ ጋር እኩል ወይም በ2 እና በ3 ሚሊ ሜትር ሰፋ ያለ ነው መሆን ያለበት። በጣም ከሰፋ በዙሪያው ያለውን ጥቁሩን ሁሉ ጎትቶ ያስገባል፣ ያቆስላል፣ ወተቱንም አሟጦ አያወጣም። ጡት ደግሞ ካልታለበ ያመርታል ብላችሁ እንዳትጠብቁ፣ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። በማስመሪያ ለካሁ። 17 ነው። ስለዚህ 19 ይሆነኛል ማለት ነው። ስሰቃይበት የነበረው 24 ነው። ሶስት ሳምንት ሙሉ «ወተቴ ሊደርቅ ነው» እያልኩ ሳለቅስ የነበረው በፕላስቲክ ቁጥር ምክንያት ነው!

እና ሱቁ ገባሁ። ልጁ ባንኮኒ ተደግፎ ስልኩን ይነካካል፣ ሁለት ጓደኞቹ አጠገቡ፣ አንዲት እናት ዳይፐር ትመርጣለች።

«ወንድሜ፣ የዚህ ፍላንጅ ስንት ቁጥር ነው?»

«ምኑ?»

«ይሄ ጡት ላይ የሚገባው።»

«እህቴ፣ ለሁሉም ይሆናል።»

«ካርቶኑ ላይ 24 ይላል። እኔ 19 ነው የምፈልገው። ማጥበቢያ ጎማ የለውም ውስጡ?»

«እናትዬ፣ ጡት ጡት ነው። ስንቱን ሸጬ ቁጥር የጠየቀችኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እኮ እኔ እየጠየቅኩህ ነዋ።»

ከዚያ ስልኩን አስቀመጠ። ከላይ እስከ ታች አየኝ። አይኑን ደረቴ ላይ አቆመና ጮክ ብሎ፣ «አንቺንማ 24 የት ይበቃሻል!»

ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዱ ባንኮኒውን በእጁ መታ።

የሚለካው የጡት ጫፍ ነው እንጂ ጡት አይደለም ልለው ነበር። ምላሴ ተሳሰረ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። እግዜር ይስጣት ያቺ እናት «ነውር ነው! እናትህ አላጠባችህም?» አለችው። እሱም «ቀልድ ነው ማዘር፣ ተጫዋች ሁኑ እንጂ» አላት። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «9,500 ነው፣ ከተከፈተ አይመለስም» አለኝ። ምንም እንዳልተፈጠረ!

አይመለስም የሚለው ይገባኛል፣ ሰውነት የነካ እቃ ነው። ግን መሞከር ካልቻልኩ፣ መመለስ ካልቻልኩ፣ ቁጥሩንስ ከማን ልጠይቅ? በር ላይ አስፋልት ዳር ጫማ ዘርግቶ የሚሸጠው ልጅ እንኳ መጀመሪያ «ስንት ቁጥር?» ነው የሚለው። ባለሱቁን መለዋወጫ ቫልቭ አለህ ወይ አልኩት፣ ያቺ እንደ ዳክዬ አፍ የተሰራችው ትንሽዬ ጎማ። «እሱ አይበላሽም» አለ። ይበላሻል! ይላላል፣ ከላላ ፓምፑ ይጮሃል እንጂ አይስብም። ሞተሩ ተቃጠለ ብላችሁ የጣላችሁ ካላችሁ ከቆሻሻ ውስጥ አውጡትና ጎማዋን እዩ።

እሺ እሱስ ልጅ ነው፣ አላገባም፣ አያውቅም። ቢሮስ? ከወለድኩ በኋላ የተሰጠኝ 90 የስራ ቀን ነው፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ የሚለውም እሱን ነው፣ 1156/2011። አባትየው ደግሞ 3 ቀን። ሃኪሟ «እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ሌላ ምንም፣ ውሃም ቢሆን» አለችኝ። ልጄ ገና አራት ወሯ ነው ወደ ስራ ስመለስ። የቀረውን ሁለት ወር ማን ይሙላው? አለቃዬን የማልብበት ክፍል ስጠይቀው «ሽንት ቤት አለ አይደል?» አለኝ። እሱ ምሳውን ሽንት ቤት ይበላል? አሁን የምሄደው መዝገብ ቤት ነው። በሩ ቁልፍ የለውም። ወንበር ደግፌበት፣ አንድ እግሬን ወንበሩ ላይ አድርጌ ነው የማልበው። እዚያ አቧራ መሃል ልቤ እየመታ ወተት እንዴት ይውረድ? ሲጨንቀኝ እንደማይወርድ በራሴ አይቻለሁ። የልጅቷን ቪዲዮ ከፍቼ ሳቋን ስሰማ ነው የሚመጣው።

ፍሪጁን እንኳ አታስታውሱኝ። ረቡዕ ዕለት አንዷ የስራ ባልደረባዬ «የጾም ምግቤ አጠገብ ወተት አታስቀምጪብኝ» አለችኝ። የህፃን ወተት ነው! በፌስታል ጠቅልዬ፣ በሳህን ከድኜ ነው ያስቀመጥኩት። ከፍሪጅ ውጪ 4 ሰዓት ነው የሚቆየው፣ ከጠዋት ያለብኩት እስክወጣ ይበላሻል፣ የት ልውሰደው? አልመለስኩላትም። ደክሞኛል።

የመንግስት መስሪያ ቤት ያለችው ጓደኛዬ ምሳ ሰዓት ምድር ቤት ወርዳ፣ ከህፃናት ማቆያው ልጇን ተቀብላ አጥብታ ትመለሳለች። ፓምፕ ምን እንደሆነ አታውቅም። ቀናሁባት፣ እውነቴን ነው።

«የጣሳ ወተት ስጪያትና ተገላገይ» የምትሉኝም አላችሁ። ለሚሰጡት አልፈርድም፣ ስንቷ ቸግሯት ነው። እኔ ግን ወተት አለኝ። አሁንም እዚህ ሰልፍ ላይ ሸሚዜን እያረጠበ ነው፣ ነጠላዬን ደረቴ ላይ አጣፍቼዋለሁ።

ከዱባይም ይሁን ከሌላ የሚመጣ ሰው ያላችሁ በናታችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጡት መያዣ ውስጥ የሚገባ፣ ሲጎነበሱ የማይፈስ፣ ለማጠብ ብዙ ቦታ የማይፈታ፣ ምክንያቱም የማጥበው ሰው ሁሉ የሻይ ብርጭቆውን በሚያለቀልቅበት ሲንክ ነው። ፍላንጁ 19፣ ወይ ማጥበቢያው አብሮት ያለ። ሁለት ትርፍ ቫልቭም ጨምሩበት። ብሩን ዛሬውኑ እልካለሁ።

ታክሲ መጣ። አስራ ሁለት ሰው ከፊቴ አለ።