ይድረስ ለክቡር «ፈጣን» የመኪና ቻርጀር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ከተተከሉበት ይድረስዎ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ስክሪንዎ በራልዎ? ኔትወርክዎ ገባልዎ? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር እጅግ በጣም ደህና ነኝ። ናፍቆቱ ግን የዋዛ አይደለም። መጨረሻ የተገናኘን ዕለት እኔ 9 ፐርሰንት ላይ ነበርኩ። እርስዎ ደግሞ ምሳ ላይ ያለ ሰው መኪና ላይ ነበሩ።

መቼም አያስታውሱኝም። ባለጉዳይዎ ብዙ ነው። እስቲ ላስታውስዎ።

ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር አይገባም ሲባል፣ እኔም ነገሩ ገባኝና ቪትዜን ሸጬ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ጎረቤቴ «እንኳን ከማደያ ሰልፍ ገላገለህ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ገላግሎኛል። አሁን የምሰለፈው እርስዎ ደጅ ነው።

እንዳላማዎት ያህል፣ ከተማ ውስጥ ነገሩ ሰላም ነው። ማታ ቤት እሰካዋለሁ፣ ጠዋት ሞልቶ አገኘዋለሁ። ለቤንዚን አወጣው የነበረውን ገንዘብ ሳስብ በራሴ እስቃለሁ። ጣጣው የሚጀምረው ቃሊቲን ያለፍኩ ዕለት ነው።

ሐዋሳ የዘመድ ሠርግ ነበረብን። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናዬ የቻይና ናት፣ በአገሯ ፈተና 500 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተብሎ ተመስክሮላታል። ይሄ 500 የሚሉት ነገር ገጠር መንገድ ስትጠይቁ «እዚችው ናት፣ ከጉብታዋ ጀርባ» እንደሚሏችሁ ነው። ጉብታዋም አለች፣ ጀርባም አላት፣ ግን ስንቅ ያስፈልጋል።

ስንሄድ አልከፋም። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ድረስ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ቁልቁለቱ ላይ ባትሪው ራሱን ትንሽ ትንሽ ይሞላል። ከኋላ የተቀመጡት አክስቴ ፐርሰንቱ በአንድ ስትጨምር አይተው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ስትመለስ ያንን ቁልቁለት ከነወለዱ እንደምትከፍል ግን ማንም አልነገራቸውም።

ማታ ሠርጉ ቤት ከግድግዳ ሶኬት ላይ ሰካሁ። ተራ ሶኬት ነው። በሰዓት 2 ኪሎዋት-ሰዓት ቢሰጥ ነው፣ የእኔ ባትሪ ደግሞ 60 ይይዛል። በማንኪያ በርሜል መሙላት ነው። እሱም ቢሆን ሁለት ሰዓት ሳይሞላው የቤቱ ባለቤት መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ልጄ፣ ቆጣሪው አልቻለም። ወይ መኪናህ ወይ ዲጄው።» ሠርግ ነው፣ ምን ይባላል? ዲጄው አሸነፈ።

ስለዚህ በማግሥቱ ከሐዋሳ የወጣሁት 41 ፐርሰንት ይዤ ነው። አይ አይደለም፣ ሌላም ነገር ይዣለሁ። አክስቴ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወርደው፣ ተከራክረው፣ 5 ኪሎ ዓሣ አስመዝነው፣ በፌስታል በረዶ ጠቅልለው ከእግራቸው ሥር አኑረዋል።

ክቡር ሆይ፣ ወደ እርስዎ የተደረገውን ጉዞ ቢያዩት ኖሮ ያለቅሱልኝ ነበር። ባትሪ ለመቆጠብ ኤሲ አጠፋሁ። በዚያ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት፣ መስኮት ተዘግቶ። መስኮት ሲከፈት ነፋሱ መኪናዋን ይይዛታል የሚል ነገር አንብቤ ነበር። አክስቴ በነጠላቸው ጫፍ ያራግባሉ። ፍጥነቴ 60 ነው። ሲኖትራክ ቀደመን፣ አይሱዙ ቀደመን፣ ቄጠማ የጫነ ባጃጅ ቀደመን። ባጃጁ ሲያልፈን አክስቴ ማራገባቸውን አቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ ስልክ?»

የምመልሰው አጣሁ። እርስዎን ተስፋ አድርጌ ዝም አልኩ።

ያሉበትን ከተማ ስም አልጠራም። ሐይቅ አላት፣ ዓሣ አላት፣ እርስዎም አሉባት። ከሰዓት 7:00 ላይ የቆሙበት ሆቴል ግቢ በር ደረስኩ። ከራስዎ በላይ በትልቁ «ፈጣን» ተብሎ ተጽፏል። ሁለት ገመድ አለዎት። ልቤ ሞቀ። ቀረብ ብዬ ሳይ አንደኛው ገመድ ጫፉ የአውሮፓ ነው፣ ለእኔ ቻይናዊት አይገባም። ሁለተኛው የቻይና ነው። እሱ ላይ ግን ሰው አለ። ይቅርታ፣ ሰው የለም። መኪና አለ።

ዘበኛው ደርባባ ሽማግሌ ናቸው። ሰውን በስሙ አይጠሩም። መስኮቴን አንኳኩና «ስንት ነህ?» አሉኝ። መጀመሪያ ዕድሜዬን መስሎኝ ነበር። «9» አልኳቸው። «ኧረ በሞትኩት» አሉ ከልባቸው። ከዚያ ወዲያ ስሜ ባለ 9 ሆነ።

«ባለ 98ቱ ምሳ ላይ ናቸው፣ ትንሽ ታገስ።»

98! እስቲ ይሄን ጉዳይ እንነጋገርበት። እርስዎ እስከ 80 ድረስ ፈጣን ነዎት፣ አልክድም። ከ80 በኋላ ግን ሚኒባስ ታክሲ ይሆናሉ። ታክሲ መጀመሪያ ሲጭን ባንድ ጊዜ ግር ብሎ ይሞላል። መጨረሻ ላይ ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ግማሽ ሰዓት ያቆማችኋል። ባትሪም እንደዚያው ነው። ወንበሩ ሲያልቅ ኤሌክትሪኩ ቦታ ፍለጋ ይንቀራፈፋል፣ መኪናዋም ባትሪዋ እንዳይጎዳባት ራሷ ቀስ በል ትለዋለች። ለዚህ ነው ዓለም ሁሉ መንገድ ላይ 80 ሲደርስ ነቅሎ የሚሄደው። ባለ 98ቱ ግን የእናቱ ልጅ ነው። ሙሉ ካልሆነ አይሆንለትም። ገመዱ ደግሞ ከመኪናው ጋር ተቆልፏል፣ ባለቤቱ ካልመጣ አይነቀልም። በመስታወት አየሁት። ጥብስ እየበላ ነው። ሁለተኛ ጥብስ ሲያዝም አየሁት።

8:20 ላይ በስቴኪኒ ጥርሱን እየጎረጎረ መጣ። 100 ሆኗል። ፈገግ አለና «እንኳን ደህና መጣህ» አለኝ። ቤቱ የሄድኩ ይመስል።

ተራዬ ደረሰ። ሰካሁ። ስክሪንዎ ላይ «በአፕ ይክፈሉ» አሉኝ። አፑ ኮድ እልካለሁ አለ። ኮዱ አልመጣም። ዘበኛው በአንገቴ ላይ ጎንበስ ብለው ስልኬን አዩና ያቺን የምናውቃትን ቃል ተናገሩ። «ሲስተም የለም።» ክቡር ሆይ፣ መታወቂያ ላወጣ ስሄድ ሲስተም የለም፣ ባንክ ስሄድ ሲስተም የለም። መኪና ያለ ሲስተም አይሄድም ብሎ ማን ፈረደብን? ማደያ እኮ ነው። ቪትዜ በሕይወቷ ኮድ ተልኮላት አያውቅም።

9:00 ሲሆን ሲስተም መጣ። ቁጥሩ መቁጠር ጀመረ። 60 ኪሎዋት። እሰይ! ይሄኔ አንዲት የአውሮፓ መሰኪያ ያላት መኪና ገባችና ያኛውን ገመድ ሰካች። የእኔ 60 ወዲያው 30 ሆነ። ለካ አንዱን እንጀራ ነው ለሁለት የሚቆርሱት። ይሁን፣ ተካፍሎ መብላት ባህላችን ነው ብዬ ዋጥኩት። 20፣ 27፣ 33፣ 38…

9:35 ላይ መብራት ሄደ።

እዚህ ላይ ትንሽ ከእርስዎነት ወደ አንተነት ልውረድ፣ አልቻልኩም። አንተ! ማን ነው ስምህን ያወጣልህ? በወረቀት 40 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው የሰጠሁህ! ፈጣን ማለት ትርጉሙን ታውቀዋለህ? ባጃጅ ነው ፈጣን! ቄጠማ ጭኖ!

ይቅርታዎን ክቡር ሆይ፣ ሙቀቱ ነው።

አክስቴ በሩን ከፍተው እግራቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ተቀምጠዋል። «ግድቡ አልተመረቀም እንዴ?» አሉኝ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል አልኳቸው። «ታዲያ ቦንድ የገዛሁት ለዚህ ነው?» አሁንም መልስ የለኝም። ስልኬ ላይ አካፍዬ አየሁት። የግድቡ 5,150 ሜጋዋት ለእንደ እርስዎ ላሉ ከ85 ሺህ በላይ ቻርጀሮች እኩል ይበቃል። እኔ የጎደለኝ ደግሞ ለአንድ ቻርጀር የምትሆን የ20 ምናምን ደቂቃ መብራት ናት። መቼም መብራቱ ከጉባ ተነስቶ ስንቱን ተራራ አቋርጦ መጥቶ ነው፣ ግቢው በር ላይ ያለችው ትራንስፎርመር ጋ ሲደርስ ደክሞት የተቀመጠው። ግድብ ገንብተን ሽቦ ላይ መሰነፋችን ትንሽ ይከነክናል። ለነገሩ ይሄ የእርስዎ ጥፋት አይደለም።

ከሆቴሉ ጀርባ ጄኔሬተር ሲነሳ ሰማሁ። ዘልዬ ተነሳሁ። ዘበኛው በእጃቸው አስቀመጡኝ።

«ለፍሪጁ ነው። ይሄን አይችልም።»

ይሄን የሰሙት አክስቴ ግን አላመነቱም። ፌስታሉን አንስተው፣ ውኃው ጠብ ጠብ እያለ፣ በወጥ ቤቱ በኩል ገቡ። ሲመለሱ ባዶ እጃቸውን ናቸው። ሴቶቹን «እማማ ደጓ ናት» አስብለው ዓሣውን ፍሪጅ አስገብተውታል። ልብ ይበሉ ክቡርነትዎ። በዚያ ግቢ ውስጥ መብራት የሚያስፈልገን ሁለት ነበርን፣ እኔና ዓሣው። ያገኘው ዓሣው ነው።

ባለ 22፣ ባለ 14፣ ባለ 31 የሚባሉ ወንድሞች መጡ። ቡና ተፈላ። ባለ 14 ሚስቱ ልትወልድ ሁለት ሳምንት እንደቀራት ነገረን። ባለ 31 መሬት ሊሸጥልኝ ሞከረ። ከእርስዎ ያገኘሁት ትርፍ ቢኖር ይሄ ነው፣ በቪትዝ ዘመኔ መንገድ ላይ ከሰው ጋር ቡና ጠጥቼ አላውቅም።

12:00 ሲሆን ጎዳናው ሁሉ ባንዴ «መጣ!» አለ። ባለ አውሮፓዋ ተስፋ ቆርጣ ሄዳ ስለነበር ሙሉው 60 ለእኔ ሆነ። በ20 ደቂቃ 71 ፐርሰንት። ሃያ ደቂቃ! ሲፈልጉ እኮ ያምርብዎታል። አምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ግቢዎ ውስጥ ስቀመጥ የሠሩት ግን ተደምሮ አንድ ሰዓት አይሞላም። ይህንንም በስክሪንዎ ላይ «ስላገለገልንዎ ደስ ብሎናል» ብለው ዘጉት።

ሽቅቡን በጨለማ ወጣን። ቤት ስንደርስ ስክሪኑ ላይ የቀረው ቁጥር ስንት እንደነበር ብነግርዎ ይመጻደቁብኛል፣ ይቅር።

ሰላምታዬን ለዘበኛው ያድርሱልኝ። ለባለ 98ቱም፣ አሁንም እዚያው ካለ።

አክባሪዎ፣
ባለ 9

ማሳሰቢያ፦ አክስቴ ቤታቸው በር ላይ ወርደው፣ ቦርሳቸውን አንስተው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ ከእግራቸው ሥር ሲዳብሱ ነው ነገሩ የገባን። ዓሣው እርስዎ ዘንድ ነው። ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከቢራው በስተግራ። ደርሶ መልስ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አክስቴ ቅዳሜ እንሂድ እያሉ ነው፣ እባክዎን ቅዳሜ ሲስተም ይኖር እንደሆነ ይጻፉልኝ።