ልጆቹን ወንዝ ውሰዷቸው እንጂ አትከልክሏቸው

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ የጅማ ወላጅ አፉን በከፈተ ቁጥር የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ወንዝ እንዳትሄዱ!» ልጁም እሺ ይላል። ከዚያ ወይ ስልክ ላይ አፍጥጦ ይውላል፣ ወይ ከጓደኞቹ ጋር ሹልክ ይላል። ሁለተኛው ይብሳል። ተደብቆ የሄደ ልጅ ቢንሸራተት እንኳ የሚጎትተው ትልቅ ሰው አጠገቡ የለም።

ፍርሃቱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ፈረንጅ ለእረፍት ወንዝ የሚወርደው በፀሐይ ነው። የእኛ እረፍት ሐምሌና ነሐሴ፣ ወንዙ ሞልቶ የሚጮህበት ጊዜ ነው። በጋውን ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለልን የምንሻገረው ጅረት ነሐሴ ላይ በሬ ይወስዳል። ቢሆንም በወንዝ በተከበበ አገር ልጅን ከውሃ ደብቆ ማሳደግ አይቻልም። ስለዚህ አንድ ከሰዓት ስጧቸው፤ አብራችሁ ሂዱ።

ከተማ ውስጥ አዌቱ አለላችሁ የሚለኝ አይጠፋም። አዌቱ ዳር መንሸራሸር ጥሩ ነው። ግን ልጅ ወንዝን የሚያውቀው ገጠር ሲወጣ ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ሰርቦን አልፈው ወደ አሰንዳቦ ሲሄዱ ግልገል ጊቤ ወንዝን ያገኙታል።

ዳሩ የሰው እርሻ ነው። መጀመሪያ ባለቤቱን «አካም ኦልተን» ማለት፣ ማስፈቀድ፣ ከተቻለም የበቆሎ እሸት ከእሳቸው መግዛት ነው። ሰላምታ የቀደመለት ገበሬ ደግሞ ማንም የማይነግራችሁን ይነግራችኋል፦ ዳሩ የት ተቦርብሯል፣ ውሃው አምና እስከየት ወጥቶ ነበር፣ የትኛው ጥግ ያዳልጣል።

ከዚያ ሥራው ለልጆቹ ነው። ውሃው ጫፍ ላይ ትልቅ ሰው አንድ ቀጭን እንጨት ይተክላል። ልጆቹ ከፍ ካለው ሣር ላይ ሆነው እሱን ይጠብቃሉ። በቆሎው እስኪጠበስ እንጨቱ አንድ ጣት ያህል ከተዋጠ፣ ዕቃ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ነው። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ድምፁ ከወፈረ እንጨቱንም መጠበቅ አያስፈልግም። እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ተራራው ከጠቆረም እንደዚያው ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደጫቱ ወንዝ ድሬዳዋን በሌሊት ሲያጥለቀልቅ ጎርፉ የመጣው ከላይ፣ ከደጋው ነበር። በዚያው ክረምት ኦሞ ወንዝ ሞልቶ ደቡብ ኦሞ፣ ዳሰነች ውስጥ ከ300 በላይ ሰው አልቋል። የጊቤ ውሃ የሚወርደው ወደዚያው ኦሞ ነው።

ዋና? በክረምት አይሆንም፣ በቃ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ በተለይ «እኔ እችላለሁ» የሚለውን። የተኛ የሚመስለው ኩሬና ቀስ ብሎ የሚሄደው ጅረትም የዋህ አይደለም። ጅማና አካባቢዋ ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ ያለበት አገር ነው። ትሉ የሚራባው ውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ነው፤ ወደ ሰው የሚገባው ደግሞ በቆዳ ነው። ውሃውን አለመጠጣት ብቻ አያድንም። ቀደም ብሎ ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቅ የከረመ ልጅ ሆዱን ካመመው ወይም ሰገራው ላይ ደም ከታየ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው።

ታዲያ ካልዋኙ ምን ይሠራሉ? ይህን የሚጠይቀው ትልቅ ሰው ብቻ ነው። ልጅ ጠጠር ይወረውራል። ቅጠል ለቆ ከወንድሙ ቅጠል ጋር ያሽቀዳድማል። ዛፉ ላይ ጉሬዛ ካየማ አበቃ፣ በቆሎውንም ይረሳዋል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ «ይሄ ውሃ የት ነው የሚሄደው?» መልሱ ከመጽሐፍ ይልቅ እዚያ ዳር ላይ ይጥማል። ውሃው መጀመሪያ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ይገባል። ቀጥሎ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በተራራ ሆድ ውስጥ በዋሻ ሄዶ የሁለተኛውን ኃይል ማመንጫ፣ የግልገል ጊቤ ሁለትን ተርባይን ያዞራል። ከዚያ ኦሞን ይዞ ቱርካና ሐይቅ ድረስ ይወርዳል። ባሕር የሚባል ነገር አያይም። የእኔዋ ትንሿ ይህን ስትሰማ በጣም አዘነችለት።

አባቶችን አንድ ነገር ልለምን። ጫታችሁን ይዛችሁ ዛፍ ሥር ተጋድማችሁ ምርቃና ውስጥ ከገባችሁ ልጅ ጠበቃችሁ አይባልም። ከሄዳችሁ ዓይናችሁ ልጆቹ ላይ ይሁን፤ ገራባውንም፣ ፌስታሉንም፣ የውሃ ፕላስቲኩንም ይዛችሁ ተመለሱ። ያ ማሳ የሰው ጓሮ ነው።

እናቶች ደግሞ ጭቃ የነካውን ልብስ ማን ያጥበዋል ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው። እኛ ቤት ሃሳቡን ያመጣ ሰው ያጥባል ተብሎ ተወስኗል፣ እኔም ይግባኝ ብዬ ተሸንፌያለሁ።